አባት የሆነው ልጅ፦ ስለ ታዳጊ አባቶች የምናወራውና የምንዘለው

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 በብዙ ቅጂ የሚሸጥ አንድ የብሪታንያ ጋዜጣ የፊት ገጹን ለአንድ ፎቶ ሰጠ። በፎቶው ላይ ከዕድሜው እንኳ ያነሰ የሚመስል የ13 ዓመት ልጅ አራስ ሕፃን ይዞ ይታያል። የሕፃኗ እናት 15 ዓመቷ ነበር። ዜናው በጥቂት ቀናት ዓለምን አዳረሰ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውንና የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ዴቪድ ካሜሮን ሳይቀሩ አስተያየት ሰጡበት። ልጁ ወጪውን እንዴት እንደሚችለው ሲጠየቅ የጥያቄው ቃል ራሱ ስላልገባው ትርጉሙን መልሶ መጠየቁ ተጻፈ፤ ብዙ ሰውም ሳቀበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት ይፋ ሆነ። ልጁ የሕፃኗ አባት አልነበረም።

ይህን ያነሳነው እንግሊዞችን ለመውቀስ አይደለም። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ፣ በ12ኛው አንቀጽ ደግሞ ከመጥፎ ጥርጣሬና የሰውን ገመና ከመከታተል እንድንርቅ አላህ (ሱ.ወ) አዞናል። ነገር ግን "የእገሌ ልጅ የእገሌን ልጅ አስረገዘ" የሚል ወሬ በሰፈራችን ሲነሳ ስንቶቻችን እናጣራለን? ወሬው ከቡና ወደ ቡና፣ ከሱቅ እስከ መስጂድ በር ይዞራል። የልጁ አባትነት ሳይረጋገጥ ስሙ ይጠፋል። በእርግጥ አባት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ወሬው ይበርድና ስለ እርሱ የሚጠይቅም አይገኝም። ይበላል ወይ? ይማራል ወይ? ልጁንስ ያያል ወይ? እነዚህን ማንም አይጠይቅም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ልጅ ነው።

ሰው ምን ያህል ይገምታል?

እ.ኤ.አ. በ2013 ኢፕሶስ ሞሪ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት ከሮያል ስታቲስቲካል ሶሳይቲና ከኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ጋር በመሆን ብሪታንያውያንን አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ዕድሜያቸው ከ16 በታች ከሆኑ ልጃገረዶች በየዓመቱ ከመቶ ስንቶቹ ያረግዛሉ? የመላሾቹ አማካይ ግምት 15 ከመቶ ሆነ። ይፋዊው ቁጥር ግን 0.6 ከመቶ ገደማ ነበር። ግምቱ ከእውነታው 25 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጃገረዶች እርግዝና እ.ኤ.አ. በ1998 ከአንድ ሺህ 47 ገደማ የነበረ ሲሆን በ2018 ወደ 17 ገደማ ወርዷል። ጥናቱ ሲካሄድም ቁጥሩ በመውረድ ላይ ነበር። ሰው ግን አንድ ፎቶ ካየ በኋላ በየቤቱ ያለ ነገር መሰለው።

በእኛ ዘንድ ስህተቱ በተቃራኒው ነው፤ ጭራሽ የለም ብለን እናስባለን። ምክንያቱም በገጠሩ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ሲዳር "ባለትዳር"፣ "አባወራ" ይባላል እንጂ "ልጅ አባት ሆነ" አይባልም። በከተማ ደግሞ ነገሩ ከኒካሕ ውጭ ከሆነ ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ ይላካል፣ የልጅቷም ቤተሰብ በር ይዘጋል። በሁለቱም መንገድ ታዳጊው አባት ከዓይን ይሰወራል።

ዓለም አቀፍ ተቋማትም ቢሆኑ ስለ ወንድ ልጆች መጠየቅ የጀመሩት ዘግይተው ነው። ዩኒሴፍ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ስለተዳሩ ወንዶች የመጀመሪያውን ሰፊ ትንተና ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ ከ82 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ተጠቅሞ በዓለም ዙሪያ 115 ሚሊዮን ወንዶች 18 ዓመት ሳይሞላቸው መዳራቸውን ገምቷል። ከእነዚህ መካከል 23 ሚሊዮኑ ያገቡት ከ15 ዓመታቸው በፊት ነው። ቁጥሩ ከፍተኛ የሆነባት አገር የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ስትሆን ድርሻው 28 ከመቶ ነው። ድርጅቱ በዚያው መግለጫው ያነሳው ቁም ነገር ቀላል ነው፤ ያለ ዕድሜው ያገባ ወንድ ልጅ ቶሎ አባት ይሆናል፣ ቤተሰብ የማስተዳደር ጫና ይወድቅበታል፣ ትምህርቱም ይቋረጣል።

ወደ አገራችን ስንመጣ አንድ ነገር መለየት ይኖርብናል። እ.ኤ.አ. የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች 13 ከመቶዎቹ ወልደዋል ወይም አርግዘዋል። በአፋር 23 ከመቶ፣ በሶማሌ 19 ከመቶ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 3 ከመቶ ነው። ይሁንና የእነዚህ ልጃገረዶች ልጆች አባቶች በአብዛኛው ታዳጊዎች አይደሉም። በዚያው ጥናት መሠረት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 17 ዓመት ገደማ ሲሆን የወንዶቹ ወደ 24 ይጠጋል። ስለዚህ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ወለደች ሲባል ዓይናችን ወዲያው ወደ ክፍል ጓደኛዋ መዞሩ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ጎልማሳው ተሰውሮ ታዳጊው የሚጠቆምበት አጋጣሚ አለና።

መጎልመስና መብሰል

"ድሮ አባቶቻችን በልጅነታቸው ወልደው አላሳደጉንም ወይ?" የሚል ወገን ሁልጊዜ አለ። ክርክሩ መሠረት የለውም አንልም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት በታላቁ ሰሓባ በዐምር ኢብኑል ዓስና በልጃቸው በዐብደላህ (ረዲየላሁ ዐንሁማ) መካከል የነበረው የዕድሜ ልዩነት 11 ወይም 12 ዓመት ብቻ ነው። በሐነፊ የፊቅህ መጻሕፍት ውስጥም ኢማም አቡ ሐኒፋ የገንዘብ ጥበቃ በ25 ዓመት ያበቃል ያሉበት ምክንያት ሲብራራ ፈገግ የሚያሰኝ ስሌት ይቀርባል። አንድ ወንድ በ12 ዓመቱ ለአቅመ አዳም ሊደርስ ይችላል፤ አጭሩ የእርግዝና ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ ልጁም እንደዚያው ቢሆን ሰውየው በ25 ዓመቱ አያት ሊሆን ይችላል። አያት ሊሆን የሚችልን ሰው እንዴት ከገንዘቡ እንከለክለዋለን? ነው ነገሩ።

ነገር ግን ስሌቱ ራሱ ሌላም ነገር ይነግረናል። ዑለማዎቻችን መውለድ መቻልን እና ቤትን ማስተዳደር መቻልን አንድ አላደረጉም። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ ስለ የቲሞች ሲናገር ለጋብቻ ዕድሜ መድረሳቸውን ብቻ አላየም። እንዲፈተኑና ቅን አስተዋይነት፣ ማለትም "ሩሽድ" ሲታይባቸው ገንዘባቸው እንዲሰጣቸው አዝዟል። የመጀመሪያው ቡሉግ ነው፣ ሁለተኛው ሩሽድ። ቡሉግ በአካል ላይ በሚታዩ ምልክቶች ይታወቃል፤ ምልክት ካልታየ ብዙዎቹ ዑለማእ 15 ዓመትን ይይዛሉ፤ መነሻቸውም ኢብኑ ዑመር በ14 ዓመታቸው ለኡሑድ ዘመቻ ተመልሰው በ15 ዓመታቸው ለኸንደቅ የተፈቀደላቸው መሆኑ ነው። አቡ ሐኒፋ ለወንድ ልጅ 18 ዓመት ብለዋል። ሩሽድ ግን በዓመት አይቆጠርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወጣቶችን ወደ ትዳር ሲጠሩም ጥሪውን ለሚችል ሰው አድርገው ላልቻለው ጾምን መክረዋል።

ደግሞም የድሮው የ16 ዓመት አባት ብቻውን አልነበረም። የአባቱ መሬት፣ የአባቱ በሬ፣ የእናቱ ጓዳ ነበረው። ሙሽሪት የምትገባው ወደ አማቷ ቤት ነው፣ ሕፃኑንም አያት ነበረች የምታሳድገው። ዛሬ በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ወላጆቹ ራሳቸው በቀን ሥራ የሚያድሩ ልጅ ከዚያ ዘመን የቀረለት ቡሉጉ ብቻ ነው።

የክፍላችን ልጅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወሎ ውስጥ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ እናስተምር ነበር። 10ኛ ክፍል ውስጥ በኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረን። ጠዋት ጠዋት ይረፍዳል፤ ሲመጣም ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። እኛም እንደ አብዛኛው መምህር ከክፍሉ ፊት አቁመን ገሠጽነው፣ "ሌሊቱን ምን ስትሠራ ታድራለህ?" ብለን አሳቅንበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ዛሬም ድረስ ያቺን ሳቅ ስናስታውስ ያሳፍረናል።

ነገሩን የነገረን የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ልጁ በክረምት ዕረፍት ወደ ገጠር ሲመለስ ቤተሰቡ ኒካሕ አስሮለት ነበር። እርሱ 17፣ ልጅቷ 16። ልጅ ተወለደ። ልጅቷ በወላጆቿ ቤት ነች፣ እርሱ ከተማ ከአጎቱ ዘንድ ሆኖ ከሱብሒ በኋላ ገበያ ላይ እህል ያራግፋል፤ ገንዘቡን ሐሙስ ሐሙስ ወደ ገጠር ይልካል። ለማን ይንገር? ለእኛ ቢነግር እንስቃለን። ለትምህርት ቤቱ ቢነግር ደግሞ ከኃላፊዎቹ አንዱ ቆየት ብሎ እንደነገረን "ሚስት ያለው ተማሪ ለሌላው መጥፎ ምሳሌ ነው።" እንግዲህ ልጁ ነፈቃውን ለመወጣት ሌሊት ተነስቶ ሸክም ይሸከማል፤ ከተማው ግን ወይ ሰነፍ ነው የሚለው፣ ወይ መጥፎ ምሳሌ።

በዓመቱ መጨረሻ ትምህርቱን አቋረጠ። እኛም በስም መጥሪያው ላይ ቀይ መስመር አሰመርንበት።

ሸሪዓውና ሕጉ

አንባቢዎቻችን በተደጋጋሚ የሚያነሱት ጥያቄ "ልጁ ምን ግዴታ አለበት?" የሚል ነው። ሁለቱን ሁኔታዎች ለይተን እንይ።

ኒካሕ ካለ ነገሩ በፊቅህ በኩል ግልጽ ነው። የልጁ ነሰብ ወደ አባት ይሄዳል፣ ነፈቃም በአባት ላይ ይሆናል። ሱረቱል በቀራህ 233 የእናትና የልጅን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ካደረገ በኋላ ነፍስ ከአቅሟ በላይ እንደማትገደድ ያክላል፤ ሱረቱ አጥ-ጦላቅ 7ም ሀብቱ የጠበበበት ከተሰጠው ያህል እንዲሰጥ ይላል። አባት ባይችልስ? በሻፊዒይ መዝሀብ ግዴታው ወደ አባቱ አባት ያልፋል። ልጁን የዳሩ አባት "አግብቷል፣ ይወቅበት" ብለው እጃቸውን መሰብሰብ አይችሉም ማለት ነው። እኛ እንዳየነው ብዙ ቤተሰብ ይህን አያውቀውም። የሠርጉን ወጪ ይችላል፣ የወተቱን ግን ለልጁ ይተውለታል።

በአገሪቱ ሕግ በኩል ደግሞ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለወንድም ለሴትም የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደርገዋል። ከባድ ምክንያት ሲኖር የፍትሕ ሚኒስትሩ እስከ ሁለት ዓመት ሊቀንስ ይችላል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ከተፈቀደው ሁኔታ ውጭ አካለ መጠን ካልደረሰ ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመን ሰው ተበዳዩ 13 ዓመት ከሞላው እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችንም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የቀለብና የአካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን ሞግዚትነት ጉዳይ ያያሉ።

ያለ ኒካሕ የተወለደው ልጅ ጉዳይ ግን ከባድ ነው። የአብዛኞቹ ፉቀሃእ አቋም ነሰብ የሚረጋገጠው በኒካሕ እንደሆነና በዚና የተገኘ ልጅ ወደ እናቱ እንደሚጠጋ ነው። ከቀደምቶቹ ሐሰን አል-በስሪና ኢስሐቅ ኢብኑ ራሀወይህ፣ ከኋለኞቹ ኢብኑ ተይሚያና ኢብኑል ቀይም ደግሞ ሴትየዋ ባለትዳር ካልሆነችና ሰውየው ልጁ የእኔ ነው ካለ ነሰቡ ሊጠጋለት ይችላል ብለዋል። ይህን በጽሑፍ ልንፈርድ አንችልም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳዩን ወደሚያምናቸው ዓሊሞች ይውሰድ። የማያከራክረው ግን ሕፃኑ ምንም ወንጀል የሌለበት መሆኑ ነው፤ አንዲት ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ቁርኣን ከአንድ ቦታ በላይ ነግሮናል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ልጁ በፊቅህ ነሰቡ አልተጠጋለትም ብለው ከቀለብ ነፃ ነኝ የሚሉ ወጣቶች ፍርድ ቤት ሲደርሱ ሌላ መልስ ይጠብቃቸዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለምትኖሩ ወላጆችም ይህ ይበልጥ ይመለከታችኋል፤ በእነዚያ አገሮች የልጅ ቀለብ የሚወሰነው በጋብቻ ሳይሆን በአባትነት ነው።

ይህ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1993 የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ ያሳያል። አባቱ ልጁ ሲፀነስ 13 ዓመቱ ነበር፤ እናቲቱ ደግሞ ልጁን እንድትጠብቅ የተቀጠረች የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። በሕጉ ዓይን ልጁ ተበዳይ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልምና። ፍርድ ቤቱ ግን ቀለቡ የሕፃኑ መብት ስለሆነ የአባቱ መበደል ግዴታውን አያነሳውም አለ። ውሳኔው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሕግ ሰዎች እንተው። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። ወንድ ልጅም ሊደፈር ይችላል የሚለው ነገር በማኅበረሰባችን አይነገርም። ሴት ልጅ ስትደፈር (ቢያንስ አንዳንዴ) እናዝናለን፣ ወንድ ልጅ ሲሆን "ወንድ ነው፣ ምን ጎደለበት?" እንላለን። በትልቅ ሰው የተጎዳ የ13 ዓመት ልጅ "አባት" ተብሎ ከመጠራቱ በፊት ልጅ መሆኑ መታየት አለበት።

ቤተሰብ ሲሰማ

ወላጅ ይህን ወሬ ሲሰማ የሚያደርጋቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። መደብደብ፣ ማባረር፣ ወደ ሩቅ ዘመድ መላክ፣ ወይም በጥድፊያ ኒካሕ ማሰር። የመጨረሻው ጥሩ መስሎ ይታያል፤ ነውርን መሸፈን በዲናችን የተወደደ ነውና። ግን ልጅቷም ልጁም ያልፈለጉት፣ ነፈቃውን የሚችል የሌለበት፣ በመንግሥትም የማይመዘገብ ኒካሕ ማንን ይሸፍናል? ከስድስት ወር በኋላ ፍቺ ሲመጣ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ተጎድታለች። እርሷን እዚህ ላይ መርሳት አይገባም። ከ20 ዓመት በታች የሚወልዱ እናቶች ላይ የወሊድ አደጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚያስወጣውም ሆዷ ነው። ስለ ልጁ የምንጽፈው የእርሷን ሸክም ለማቃለል እንጂ ለመተካት አይደለም።

ልጁን ማባረር ደግሞ ለሕፃኑ ከሁሉም የከፋው ነው። የተባረረ ልጅ አይሠራም፣ አይልክም፣ አይጠይቅም። ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ግን ከአባቱ ጋር ሄዶ የልጅቷን ቤተሰብ ይቅርታ ሊጠይቅ፣ ከግማሽ ቀን ሥራ ጥቂት ሊሰጥ፣ ዓርብ ዓርብ ልጁን ሊያይ ይችላል። ተውበት ያደረገን ልጅ መስጂድ ሲገባ በዓይን መከተል ለማንም አይጠቅምም። ኢማሞችና የመድረሳ ኡስታዞች እዚህ ላይ ከመምህራን የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ቢያቋርጥም ሶላት ላይ ሊገኝ ይችላል። ከሶላት በኋላ ለብቻው ጠርቶ "እንዴት ነህ? ሕፃኑስ?" ማለት ብር አያስወጣም። ትምህርት ቤቶችም ለእንዲህ ያለው ልጅ የማታውን ትምህርት ሊያሳዩት ይገባል። እኛ ያኔ ይህን አላደረግንም፤ የማታ ትምህርት በዚያችው ግቢ ውስጥ ነበር።

መምህር የነበረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። በስም መጥሪያ ላይ የተማሪው ስም ቀጥሎ ያለው የአባት ስም ነው፤ የእኛ አገር ስም አወጣጥ እንዲህ ነው። አባቱ ያልታወቀ ወይም የሸሸ ልጅ ብዙ ጊዜ በእናቱ አባት ስም ይጠራል። አንዳንዱ ልጅ ይህን የሚያውቀው አንድ ቀን ፎርም ሲሞላ፣ በእናቱ አባትና በእርሱ አባት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስም ሲያገኝ ነው። ከክፍል ወጥቶ ሲያለቅስ ያገኘነው ተማሪ አለ።

ያ የኋላ ወንበር ልጅ ካቋረጠ ከሁለት ወር በኋላ ከዐስር ሶላት ስንወጣ መስጂዱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። የሸክም አቧራ ልብሱ ላይ ነበር። ከኪሱ የታጠፈ የልደት ምዝገባ ወረቀት አወጣ። ሕፃኑ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ሰምቷል፤ ቀኑ ሊያልፍ ነው፣ ቀበሌ ለመሄድ ግን ፈርቷል። በመስጂዱ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። የሕፃኑን ስም ጻፈ፣ የእናቱን ስም ጻፈ። የአባት ዕድሜ የሚመለከተው ቦታ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አነሳ።

"ጋሼ፣ አንድ ዓመት ልጨምርበት? እውነቱን ብጽፍ ልጄን አይመዘግቡልኝም እንዴ?"

የልጁ መመዝገብ በአባቱ ዕድሜ እንደማይከለከል፣ እውነተኛውን እንዲጽፍ ነገርነው፤ ጠዋት አብረነው ቀበሌ እንደምንሄድም ቃል ገባንለት። ቀስ ብሎ ጻፈው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ የልጁን ስም፣ ቀጥሎም የራሱን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን።